ትራክተሩ በብርድ ጠዋት አልነሳ ሲላችሁ፦ የናፍታውን መስመር እንዴት እንደምትፈትሹ

ጥቅምት ከገባ እስከ ጥር መጨረሻ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «ማታ ደህና አቁሜው ነበር። ጠዋት ስታርት ሳደርገው ይዞራል እንጂ አይነሳም። ናፍታው በርዶ ይሆን?» አንዱ ከደብረ ብርሃን ነው፣ አንዱ ከበቆጂ፣ አንዱ ከባሌ ሮቤ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከመድገም አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

መልሱን ላስቀድመው። አብዛኛውን ጊዜ ናፍታው አልረጋም። ወይ ናፍታው ውስጥ ውሃ አለ፣ ወይ ፊልትሮው ቆሽሿል፣ ወይ መስመሩ አየር ስቧል፣ ወይ ባትሪው ደክሟል። ጉድለቱ ከርሟል፤ ቀን ቀን በሙቀቱ እየተሸፈነ ያልፍ ነበር፣ ሌሊቱ ዜሮ ዲግሪ ሲነካ ግን ይወጣል። ስለዚህ ናፍታ ለማሞቅ ከመሮጣችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ለዩ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል የተደረደረው ለዚሁ ነው፦ ቀላሉና ገንዘብ የማያስወጣው መጀመሪያ፣ ብሎን የሚያስፈታው በኋላ።

ናፍታ በብርድ ምን እንደሚሆን ትንሽ ልበል፣ ያለሱ ቀሪው አይገባም። ናፍታ ውስጥ በተፈጥሮው ሰም አለ። ሲቀዘቅዝ ሰሙ እንደ ቅቤ መርጋት ይጀምራል። መጀመሪያ ናፍታው ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ ጥቃቅን የሰም ቅንጣቶች ይወጡና ፊልትሮው ላይ ይለጠፋሉ። የናፍታ ፊልትሮ የሚያሳልፈው በሺኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ታንከሩ ውስጥ ናፍታው ገና እየፈሰሰ እያለም ፊልትሮው ሊዘጋ ይችላል። ይህ የሚጀምርበት ሙቀት እንደ ናፍታው ዓይነት ይለያያል። ለብርዳም አገር የሚዘጋጀው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪም ይችላል፣ ለሞቃት አገር የተዘጋጀው ግን ዜሮ አካባቢም ሊደፈርስ ይችላል። እኛ ማደያ ላይ ለብርድ ተብሎ የተለየ ናፍታ አንገዛም። ውሃ ደግሞ ዜሮ ላይ በረዶ ሆኖ ቀጭኑን ቱቦ ይደፍነዋል። ሁለቱ ችግሮች ከላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

የምጽፈው እንደ ማሲ ፈርጉሰን 290 እና 385፣ እንደ ቆዩት ፎርድና ኒው ሆላንድ ላሉ በሜካኒካል ፓምፕ ለሚሠሩ ትራክተሮች ነው። ኮምባይነርም ቢሆን ፓምፑ ሜካኒካል ከሆነ ያው ነው። ኮመን ሬል የሚባለው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው አዲሱ ሞተር ከሆነ ግን እስከ ደረጃ 6 ብቻ ተከተሉ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ሁለት ንጹህ ባዶ ሃይላንድ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ
- መፍቻዎች (አሮጌ ማሲ ላይ አንዳንዱ ብሎን በኢንች ስለሆነ የሚሊሜትር መፍቻ ጠርዙን ይበላዋል፣ የኢንቹንም ያዙ)
- ካቻቢቴና ፒንሳ
- አዲስ የናፍታ ፊልትሮ ከነጎማ ማሸጊያው
- ከታወቀ ቦታ የተቀዳ 5 ሊትር ያህል ንጹህ ናፍታ
- ቮልት መለኪያ ቴስተር
- ክር የማይጥል ጨርቅ፣ የሚፈሰውን መቀበያ ሳህን
- አንድ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ
- ጓንት፣ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ
- እሳት ማጥፊያ፣ ከሌለ በባልዲ ደረቅ አሸዋ

ከመንካታችሁ በፊት

ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ፒቲኦውን (ከኋላ የተገጠመ ማሽን የሚያዞረውን ዘንግ) አላቁ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ። ሞተሩ ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ጎኑ ቆማችሁ ነው የምትሠሩት።

መሬት ቆማችሁ የሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ሁለት ብሎን በካቻቢቴ አገናኝታችሁ አታስነሱ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ማርሽ ገብቶ ከሆነ ትራክተሩ ተነስቶ ወዲያው ይሄዳል፣ እናንተ ያላችሁት ደግሞ በጎማዎቹ መሀል ነው። ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም።

የተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሞተር አታስነሱ። ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል። ከኖዝል (ናፍታውን ሲሊንደር ውስጥ ከሚረጨው) መስመር ለሚወጣ ናፍታ ደግሞ እጃችሁን ፈጽሞ አታቅርቡ። ግፊቱ ቆዳ ይበሳል፣ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢመስልም ውስጥ የገባው ናፍታ ሥጋውን ይገድለዋል። ከደረሰባችሁ «ትንሽ ነው» ሳትሉ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ቀላሉን ነገር እዩ

ማጥፊያው ገመድ ወደ ቦታው ተመልሷል? አሮጌ ትራክተር የሚጠፋው በመጎተቻ ነው፣ ገመዱ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ከላይ የተገፋ ቢመስልም ፓምፑ ላይ ያለችውን ክንድ በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ከሆነ ቁልፍ ስትከፍቱ ፓምፑ ላይ «ጠቅ» የምትል ድምፅ መሰማት አለባት። ካልተሰማች ሽቦዋን ተከተሉ።

ከታንከሩ ሥር ያለው መዝጊያ ክፍት ነው? ናፍታስ አለ? ጌጁን አትመኑ፣ ንጹህ እንጨት አስገብታችሁ ለኩ። ይህንን ሳያይ ግማሽ ሞተር ፈትቶ የሚጠይቀኝ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሞተሪኖው እንዴት እያዞረ ነው?

ናፍታ የሚቀጣጠለው በሻማ ሳይሆን አየሩ ተጨምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ አየሩ ሳይሞቅ ሙቀቱ በቀዝቃዛው ብረት ይጠፋል። ስለዚህ ናፍታው ወርቅ ቢሆንም አይነሳም።

ባትሪ ዜሮ ዲግሪ ላይ አቅሙ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፣ በዚያው ሰዓት የወፈረው ዘይት ደግሞ ሞተሩን ያከብደዋል። በቴስተር ለኩ። ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ካሳየ ግማሽ ነው። ሌላ ሰው ስታርት እያደረገ ስትለኩ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይ ደክሟል ወይ ግንኙነቱ ላልቷል። የባትሪውን ጫፎች ፍቱ፣ ነጩን ዝገት በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ከሞተር ወደ ሻሲ የሚሄደውን ሽቦም አትርሱ።

40 ቁጥር የሚባለውን ነጠላ ዘይት የሞላችሁ ደጋ ላይ በከንቱ ነው የምትሰቃዩት። 15ደብልዩ-40 ሲቀዘቅዝ ቀጠን ይላል፣ ሲሞቅ ደግሞ ያንኑ ያህል ይከላከላል።

ደረጃ 3፦ ማርሚታውን ተመልከቱ

ሞተሩ ደህና እየዞረ አሁንም ካልተነሳ አንድ ሰው ስታርት ያድርግ፣ እናንተ ጭሱን እዩ።

ምንም ጭስ ከሌለ ናፍታ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ አይደለም። የመስመሩ ችግር ነው፣ ደረጃ 4ን ቀጥሉ።

ነጭ ጭስ እየወጣ ካልተነሳ ናፍታው ደርሷል፣ ግን አልተቃጠለም። ፊልትሮ መፍታት አያስፈልግም፣ በቀጥታ ወደ ደረጃ 8 ሂዱና ማሞቂያውን ፈትሹ።

ጥቁር ጭስ ከሆነ አየር አንሶታል። የአየር ፊልትሮውን አውጡ። በአጨዳ ሰሞን በገለባ ታፍኖ ታገኙታላችሁ።

ይህ ደረጃ ደቂቃ አይፈጅም፣ የግማሽ ቀን ሥራ ግን ያድናል። አትዝለሉት።

ደረጃ 4፦ የሃይላንድ ፍተሻ

ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ ሃይላንዱን እስከ ግማሽ ሙሉት። ከታንከሩ ሥርም ማፍሰሻ ካለ ሁለተኛውን ሃይላንድ ከዚያ ሙሉ። ይህንን ማድረግ ያለባችሁ ትራክተሩ ሳይነቃነቅ ነው። ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ሌሊቱን ታች ወርዶ ይጠብቃችኋል፣ ከተነቃነቀ ግን ይቀላቀላል።

ማፍሰሻው ተከፍቶ ምንም ካልወጣ ወይ በረዶ ደፍኖታል፣ ወይ ከላይ ናፍታ አይመጣም። መስታወት ኩባያ ያለው ፊልትሮ ከሆነ በእጅ ባትሪ አብሩበት፣ በረዶው ነጭ ሆኖ ከሥር ይታያል።

አሁን ሃይላንዱን ቤት ውስጥ አስገብታችሁ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል አቁሙት። ከዚያ ወደ ብርሃን አውጥታችሁ እዩት፦

- ደፍርሶ የነበረው ሲሞቅ ጠርቶ ቢጫነቱ ከተመለሰ ሰም ነበር። ደረጃ 6።
- ሲሞቅም ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ከሆነ፣ ወይም ከሥር የተለየ ንብርብር ከተኛ ውሃ ነው። ደረጃ 5።
- ጥቁር ዝልግልግ ነገር ካለና ከሸተተ፣ ውሃው ብዙ ጊዜ ተቀምጦ በናፍታና በውሃው መሀል ተህዋስያን ረብተዋል። ደረጃ 5ን ሠርታችሁ ታንከሩንም ታጥባላችሁ።
- የጠራና ንጹህ ከሆነ ናፍታውን ተዉት። ፊልትሮና አየር ነው የቀረው፣ ደረጃ 7።

አንድ ሌላ ምልክት አለ። ትራክተሩ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እምቢ ብሎ፣ ማንም ሳይነካው ፀሐይ መትታው 4 ሰዓት ላይ የሚነሳ ከሆነ ሰም፣ በረዶ ወይም ባትሪ ነው። ፀሐይ መትታውም ካልተነሳ ቆሻሻ ወይም አየር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ደረጃ 5፦ ውሃ ከሆነ

በረዶ ካለ መጀመሪያ ይቅለጥ። ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከራችሁ በፊልትሮው ዙሪያ ጠቅልሉ፣ ሲቀዘቅዝ ቀይሩ። የፈላ ውሃ በቀጥታ አታፍሱ፣ የቀዘቀዘ መስታወት ይሰነጠቃል። ኢንጀክሽን ፓምፑ (ናፍታውን በግፊት ወደ ኖዝሎቹ የሚልከው) ላይ ደግሞ ሙቅ ውሃ በፍጹም አይፈስም። ውስጡ ያሉት ክፍሎች በጣም የተጣበቁ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሲሰፋ ተነክሶ ይቀራል፣ የፓምፕ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ከቀለጠ በኋላ ማፍሰሻውን ክፈቱና ንጹህ ናፍታ እስኪመጣ አፍስሱ። ከታንከሩም እንዲሁ። የወጣውን ውሃማ ናፍታ መሬት ላይ አትድፉት፣ መልሳችሁም አትጨምሩት። በዕቃ አስቀምጡት፣ ሲጠል የላዩን የማሽን ዕቃ ለማጠብ ትጠቀሙበታላችሁ። ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ምክንያቱም ውሃ የጠገበ ወረቀት ያብጣል፣ ቢደርቅም እንደ በፊቱ አያሳልፍም።

ውሃውን ችላ ብላችሁ «ሲሞቅ ይነሳል» ካላችሁ በእርግጥ ይነሳል። ግን ውሃው ፓምፑና ኖዝሉ ውስጥ ያልፋል። እነሱን የሚያለሰልሳቸው ናፍታው ራሱ እንጂ ሌላ ዘይት የላቸውም፣ ውሃ ሲያልፍባቸው ይዝጋሉ፣ ይፋጫሉም።

ደረጃ 6፦ ሰም ከሆነ

ጊዜ ካላችሁ ከሁሉ የሚሻለው መጠበቅ ነው። የደጋ ፀሐይ እስከ 3 እና 4 ሰዓት ሥራውን ትሠራለች። ከቸኮላችሁ ፊልትሮውንና ቱቦዎቹን በሙቅ ጨርቅ አሙቁ፣ ወይም ፊልትሮውን ፈታችሁ ቤት ውስጥ አሞቁትና መልሱት።

ለሚቀጥለው ሌሊት ደግሞ ናፍታውን አዘጋጁ። ለብርድ የሚጨመር መድኃኒት ካገኛችሁ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ። ካጣችሁ ነጭ ጋዝ፣ ላምባ የምንለው፣ በመጠኑ ይረዳል። 10 በመቶ ላምባ የመርጊያውን ነጥብ ዝቅ የሚያደርገው በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ያህል ነው፣ ተአምር አትጠብቁ። ከ20 በመቶ አትለፉ፣ ማለትም 100 ሊትር ድብልቅ ውስጥ 20 ሊትር። ላምባ ከናፍታ ያነሰ ማለስለሻ ስላለው ፓምፑን ይበላል፣ ሙቀት ሲመለስም ወደ ንጹህ ናፍታ ተመለሱ። ኮመን ሬል ሞተር ላይ ጭራሽ አትሞክሩት።

መድኃኒቱም ላምባውም የሚጨመሩት ማታ፣ ናፍታው ገና ሞቅ እያለ ነው። አንዴ የረጋ ሰም ላይ ብትጨምሩት ሰሙን አያሟሟውም፣ ያወጣችሁት ገንዘብ ብቻ ይቀልጣል። ጨምራችሁ ሞተሩን ትንሽ አሠሩት፣ ድብልቁ እስከ ፊልትሮውና ፓምፑ ድረስ መድረስ አለበት።

ሚኒሶታ ወይም ካናዳ ሆናችሁ ትራክ እየነዳችሁ ይህንን የምታነቡ ካላችሁ፣ እናንተ ዘንድ ጉዳዩ በእርግጥም ሰም ነው። ሞቃት ስቴት የቀዳችሁትን ናፍታ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ስትወጡ፣ ብርዱ ሳይዛችሁ መድኃኒቱን ጨምሩ ወይም እዚያ የሚሸጠውን የብርድ ናፍታ ቀላቅሉ።

ደረጃ 7፦ ፊልትሮ መቀየርና አየር ማስወጣት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ የፊልትሮውን ዙሪያ በጨርቅ አጽዱ፣ አዋራው ከገባ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ነው የሚሄደው። የታንከሩን መዝጊያ ዝጉ። አሮጌውን ፊልትሮ አውጡ፣ የድሮዎቹን የጎማ ማሸጊያዎች አንድም ሳይቀር አንሱ። አሮጌው ጎማ ከላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ከተደረበበት አየር ይስባል፣ እናንተም ቀኑን ሙሉ አየር ስታስወጡ ትውላላችሁ። አዲሶቹን ጎማዎች በናፍታ ቀባ አድርጋችሁ ግጠሙ። ማጥበቂያው ልክ ሲይዝ ትንሽ ጨምራችሁ ተዉት፣ ከልክ በላይ ከጠበቀ ጎማው ይበላሻል።

አሁን አየሩን አውጡ። ቅደም ተከተሉ ከታንከር ወደ ሞተር ነው፣ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ያወጣችሁት አየር ተመልሶ ይመጣል።

ሀ. መዝጊያውን ክፈቱ። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ብሎን በሁለት ዙር ያህል አላሉ።

ለ. ናፍታ ሳቢዋ ትንሽ ፓምፕ ጎን ላይ ያለችውን የእጅ ክንድ ወደ ላይና ወደ ታች ምቱ። ክንዷ ተላልታ ምንም ግፊት ካልሰጠች ተበላሽታለች ብላችሁ አትደምድሙ። ውስጥ የሚገፋት ካም ሽቅብ ይዟት ሊሆን ይችላል። ሞተሩን በሞተሪኖ ትንሽ አዙሩና እንደገና ሞክሩ።

ሐ. መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ አረፋ የሌለው ናፍታ። ክንዱን እየመታችሁ ብሎኑን አጥብቁ። መምታት አቁማችሁ ካጠበቃችሁ አየር ተመልሶ ይገባል።

መ. ኢንጀክሽን ፓምፑ ላይ ያሉትን ማስተንፈሻ ብሎኖች እንዲሁ አድርጉ። ማሲ ላይ ባለው ክብ ፓምፕ ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው፣ የታችኛው መጀመሪያ፣ የላይኛው ቀጥሎ። ብሎኖቹ ትንንሽ ናቸው፣ በኃይል ከጠበቁ አንገታቸው ይቆረጣል።

ሠ. ማጥፊያውን ግፉ፣ ጋዙን (ነዳጅ መስጫውን) እስከ መጨረሻ ክፈቱ። ከኖዝሎቹ የሁለቱን ቱቦ ዳዶ በአንድ ዙር አላሉ፣ ጨርቅ ጣል አድርጉባቸው፣ እጅና ፊታችሁን አርቁ። ሌላ ሰው ስታርት ያድርግ። ናፍታ ሲመጣ አጥብቁ። ይህ እርምጃ ለሜካኒካል ፓምፕ ብቻ ነው። ኮመን ሬል ላይ ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ ስለሆነ ዳዶ ማላላት ሕይወት ያሳጣል።

አረፋው አላልቅ ካለ አየሩ የሚገባው ከታንከሩ እስከ ሳቢዋ ፓምፕ ባለው መስመር ነው። ይህ ክፍል ስለሚስብ ናፍታ አያንጠባጥብም፣ አየር ብቻ ነው የሚያስገባው፣ ለዚህ ነው ከውጭ ደረቅ ሆኖ የሚሸውዳችሁ። የጎማ ቱቦውን አጠፍ አጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የደረቀ ጎማ ቀን ሲሞቅ ይለሰልስና ይገጥማል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይጨማደድና ይከፍታል። የመዳብ ቀለበቶቹን (ሮንዴላዎቹን) ደግሞ በፈታችሁ ቁጥር ብትቀይሩ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ማሞቂያውን በትክክል ተጠቀሙ

ማሲና ሌሎችም ብዙዎች አየር መግቢያው ላይ ናፍታ በትንሹ አቃጥሎ አየሩን የሚያሞቅ ዕቃ አላቸው። ቁልፉን ወደ ማሞቂያው አዙራችሁ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያዙ፣ ከዚያ ሳትለቁ ወደ ስታርት እለፉ። ጋዙ በግማሽ ይከፈት፣ ፍሪሲዮን ይረገጥ። ፍሪሲዮን መርገጥ ሞተሪኖውን ከወፈረው የማርሽ ዘይት ሸክም ያሳርፈዋል።

በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አታዙሩ። ካልተነሳ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ አሳርፉት፣ እንደገና አሙቁ። ሞተሪኖ በብርድም ይቃጠላል።

ማሞቂያው መሥራቱን ለማወቅ ቁልፉን 15 ሰከንድ ይዛችሁ ዕቃውን በእጅ ጀርባ ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ መሞቅ አለበት። ካልሞቀ ፊውዙን፣ ሽቦውን፣ ቀጥሎም ናፍታ የምትወስድለትን ቀጭን ቱቦ ፈትሹ። መስመሩ አየር ስቦ ከነበረ እሷም ባዶ ትሆናለች። ካንዴሌታ (በየሲሊንደሩ የሚገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን በቴስተር ለኩ፣ አንዱ ብቻ ቢሞት ሞተሩ ይነሳና እየተንገጫገጨ ነጭ ጭስ ይተፋል።

ደረጃ 9፦ ከተነሳ በኋላ

ወዲያው ማረሻ አታስገቡ። አምስት ደቂቃ ያህል ጋዝ ሳትሰጡት ከሚዞርበት ፍጥነት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አሠሩት፣ ዘይቱ ይድረስ።

ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እየደከመ የሚጠፋ ከሆነ ወደ ታንከሩ ክዳን ሂዱ። ላላ አድርጉት። «ፊስ» ብሎ አየር ከገባና ሞተሩ ከተስተካከለ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ወይም በበረዶ ተደፍኗል፤ ናፍታው ሲወጣ በቦታው አየር አልገባም ማለት ነው። በቀጭን ሽቦ ክፈቱት። ክዳኑ ምንም ለውጥ ካላመጣ ታንከሩ ውስጥ ያለውን ወንፊት እዩ፣ በዝልግልጉ ነገር ወይም በጀሪካን ጨርቅ ክር የተሸፈነ ይሆናል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ከሥር እሳት ማንደድ።* ጭራሮ ሰብስቦ ከሞተሩ ሥር የሚያነድ ሰው አሁንም አለ። ሞተሩ ሥር ዘይትና ናፍታ የጠጣ አፈር፣ የጎማ ቱቦና ሽቦ አለ። በአጨዳ ሰሞን ደግሞ ክምሩ አጠገብ ነው።

*ቤንዚን መቀላቀል።* ሰሙን ያቀጥናል፣ እውነት ነው። ግን ቤንዚን ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ እንኳ ለእሳት የሚበቃ ትነት ይሰጣል፣ ናፍታ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይሰጥም። ከቀላቀላችሁ ታንከራችሁ የቤንዚን ያህል አደገኛ ሆነ ማለት ነው፣ ፓምፑም ይደርቃል።

*በአየር መግቢያው ማስነሻ ስፕሬይ መንፋት።* ማሞቂያ ወይም ካንዴሌታ ባለው ሞተር ላይ ስፕሬዩ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስተንና ፋሻ ይሰብራል። አንዳንዴ ሰውየው ፊት ላይ።

*ፊልትሮ አጥቦ መመለስ።* ወረቀቱ ሲታጠብ ይቀደዳል ወይ ይሰፋል። ያለ ፊልትሮ ከመንዳት የሚሻለው በትንሹ ነው።

*በጨርቅ ማጥለል ይበቃል ማለት።* የነጠላ ጨርቅ ቆሻሻ ይይዛል፣ ውሃ ግን ያሳልፋል።

ማታ የምትሠሩት

ሥራ ስትጨርሱ ታንከሩን ሙሉ። ግማሽ ባዶ ታንከር ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ጤዛ ይሆናል፣ ጤዛው ጠብ ጠብ እያለ ከናፍታው ሥር ይሰበሰባል። በየሌሊቱ ትንሽ ነው፣ እየዋለ እያደረ ግን ይጠራቀማል። ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ ከፊልትሮው ሥር ትንሽ አፍስሱ።

ትራክተሩን ሜዳው ዝቅ ያለበት ቦታ አታሳድሩት። ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ ረግረጉ ላይ ይተኛል፣ ውርጩም መጀመሪያ የሚያነጣው እዚያ ነው። ከፍ ያለ፣ ጠዋት ፀሐይ ቀድሞ የሚመታው ቦታ ምረጡ።

በርሜል የምትጠቀሙ ከሆነ ትንሽ አዘንብላችሁ አስቀምጡትና ከተሞላ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ አትንኩት። ስትቀዱ ቱቦው ከሥሩ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ታች የቀረው የውሃና የዝቃጭ ድርሻ ነው። ዚንክ የተቀባ ዕቃ ውስጥ ናፍታ አታስቀምጡ፣ ዚንኩ ከናፍታው ጋር ተዋህዶ ፊልትሮ የሚደፍን ነገር ይሠራል። የውሃ ጀሪካንና የናፍታ ጀሪካንም ይለዩ።

የናፍታ ፊልትሮውን ጥቅምት ሳያልቅ ቀይሩ። የፋብሪካው መጽሐፍ የሚለው የሥራ ሰዓት ንጹህ ናፍታን ታሳቢ ያደረገ ነው፣ በጀሪካን የምትቀዱ በግማሽ ቀንሱት።

መካኒክ የሚጠራው መቼ ነው?

ባትሪው ጤነኛ ሆኖ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ማሞቂያው እየሠራ ነጭ ጭስ ብቻ ከሆነ ኮምፕረሲዮኑ ወርዷል ወይም የፓምፑ ጊዜ ተዛብቷል። ዳዶ አላልታችሁ ከኖዝል መስመሩ ምንም ካልመጣ ደግሞ ፓምፑ ነው። ሁለቱም መሣሪያ ይፈልጋሉ፣ ሜዳ ላይ አትክፈቱት። ስትደውሉለት ሞተሩ በፍጥነት ወይስ በቀስታ እንደሚዞር፣ የጭሱን ቀለም፣ ሃይላንዱ ውስጥ ያያችሁትንና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ ንገሩት። ሃይላንዱንም አትድፉት፣ ሲመጣ ይየው።